በኒሟ ላይ የተሰቀሉት ሳንቲሞች

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ይቺን ግን ራሴ ልጻፋት ብያለሁ።

ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት እረፍት የመጣች ሰሞን ነው። ደጃፋችን ያለችው ኒም ሥር ቅጠል ስጠርግ፣ ከግንዷ ጀርባ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ተሰቅላ አየሁ። ከፈትኳት። አሥራ ሁለት ሳንቲም በሦስት ረድፍ ተደርድሯል፣ ከክዳኑ ላይ በቀይ ክር የታሰረች ጥቁር ብረት ተንጠልጥላለች። መተት ነው አልኩ። ልጄ ለመመረቅ አንድ ዓመት ነው የቀራት፣ ዓይን በዝቶባታል።

ለእሷ አልነገርኳትም፣ ትስቅብኛለች። ሳንቲሞቹን እጄ እንዳይነካቸው በማንኪያ እያነሳሁ ጠበል ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። በማግስቱ መልሼ ደረደርኳቸው። ሁሉም አሥር ሳንቲም ስለሆኑ የትኛው የት እንደነበረ ማን ያውቃል?

በአራተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ልጄ ስልኳን እያየች ዘለለች።

«እማ! ሳጥኔን ሰው አገኘው!»

«የምን ሳጥን?»

«ኒሟ ላይ የሰቀልኩት! የስልክ ጨዋታ ነው፣ ሰው በካርታ እየተመራ የተደበቀ ሳጥን ይፈልጋል። የድሮዎቹን ሳንቲሞች ክዳኑ ላይ ያሰርኳት ማግኔት አትስባቸውም፣ አዲሶቹን ትስባለች። በየረድፉ የተሳበውን ቆጥረሽ ቁጥሩን ስልክሽ ላይ ስትሞዪው፣ ሌላ ሳጥን የደበቅኩበትን ቦታ ያሳይሻል። ባቡር ጣቢያው ግንብ ሥር ነው ያለው።» ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ሳጥኑን ያገኘችው ልጅ ግን ደቻቱ አሸዋ ውስጥ ነኝ ትላለች። ምኑን ተሳሳትኩ? የውጭ አገር ሰው ናት እማ፣ ቦታውን አታውቀውም፣ ሄጄ ላምጣት።»

ሳንቲሞቹን ነካክቻቸዋለሁ ልላት ሲገባ የምሳውን ሳህን ማንሳት ጀመርኩ። እሷ ወጣች።

በር ላይ ቆሜ ቀና አልኩ። እኛ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። በደንገጎ በኩል ግን ተራራው ጠቁሯል። እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ውሃው ከላይ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ ይመጣል፣ ድሬ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ልጄ ቀና ብላ አላየችም፣ ስልኳን እያየች ነው የሄደችው። ደወልኩ፣ አታነሳም።

ሮጥኩ። የማዕዘኑ ባለሱቅ ሶማሌ ነው፣ ጎረቤታችን። «አባዮ፣ እህቴ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ።

«ልጄ አሸዋው ውስጥ ናት!»

ተራራውን አየና ሱቁን ክፍት ጥሎ ወጣ። «ዋሪያ! ባጃጅ! ቁም!»

ባለባጃጁ ወደ እግሬ እያየ «እማማ፣ ጫማሽ እኮ ግራና ቀኙ ዘመድም አይደለም» አለኝ።

«አቦ ንዳው!» ጮኸበት ባለሱቁ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ልጄና እንግዳዋ አሸዋው መሃል አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረዋል። እጄን እያወዛወዝኩ ተጣራሁ፣ አልሰሙም። ባለሱቁ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ አፏጨ። ልጄ ቀና አለችና እጇን አውለበለበችልኝ፣ ሰላም የምላት መስሏት።

ያኔ ከላይ በኩል ድንጋይ የሚያራግፍ መኪና የመሰለ ድምፅ መጣ። እሷም ሰማችው። የልጅቷን እጅ ይዛ ሮጠች። ባለሱቁ እንግዳዋን፣ እኔ ልጄን በእጅጌዋ ጎትተን አወጣናቸው። ውሃው ቀይ ሆኖ፣ ግንድና ፕላስቲክ ይዞ፣ የቆሙበትን ሸፈነው።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሳንቲሞቹን ያዘበራረቅኩት። መተት መስሎኝ ጠበል ውስጥ ከትቻቸው ነበር።»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። «ቅድም ስወጣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። እንግዳዋ ቋንቋችንን ስለማታውቅ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች።

ልጄ ሳንቲሞቹን በቦታቸው መልሳ ወደ ትምህርቷ ሄደች። ሳጥኗ ኒሟ ላይ ናት፣ የማላውቃቸው ሰዎች ዛሬም እየመጡ ይከፍቷታል። ደንገጎ በጠቆረ ቁጥር ማግኔቷን ይዤ አንድ በአንድ እሞክራቸዋለሁ። ከላይ ሦስት ይሳባል፣ ከመሃል አንድ፣ ከታች ሁለት። ክዳኑን እዘጋለሁ። ከበር ሳልደርስ ተመልሼ እንደገና እቆጥራለሁ።