በሰይድ ዱቄት ላይ የሠራሁት

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለሚስቴም አልነገርኩም። እኔ ደርሶ፣ ወሬ ሆዴ ውስጥ የማያድር፣ እዚህ ኮኪት ከተማ ጎረቤቴ ሊያስነጥስ ሲል ወሬውን ከማስነጠሱ ቀድሜ ጎንደር የማደርስ ሰው፣ በዚህች አንዲት ነገር ላይ ግን አፌን ዘግቼ ዓመታት ኖርኩ። አሁን ለእናንተ ልናገራት ነው። ስትሰሙ ሳቅ የሚመጣባችሁ ቦታ አለ። ሳቁ። እኔም ስቄበታለሁ።

ወፍጮ ቤት አለኝ። ሰይድ ደግሞ ከወፍጮዬ ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ነጋዴ፣ የወጣትነት ወዳጄ ነው። ታላቅ ወንድሙ በስኳር በሽታ እግሩ ተቆርጦ ሞተ፤ ብዙም ሳይቆይ ሰይድም ተመርምሮ ስኳር አለብህ ተባለ። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። ስልኩ ላይ የጤና ትምህርት ሲያይ ይውላል። የቆርቆሮውን፣ የላስቲኩን ጀርባ ሁሉ ያነባል። ንጋት ላይ በመተማ መንገድ እንደ ተባረረ ሰው ይራመዳል፤ ውሾቹ ራሳቸው መጮህ ሰልችቷቸው ተዉት። ማካሮኒ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ቢኖር ቁጭ አድርጎ ይመክርና ማሽላ ብላ ብሎ ይመልሰዋል። በገዛ ሱቁ! ለስላሳ የጠየቀ የሰሊጥ አጫጅማ ስብከቱን ሰምቶ እስኪወጣ ሰሊጡ ማሳው ላይ ረግፎ ያልቃል።

ራሱ የሚበላው ነጭ ማሽላ ብቻ ሆነ። መድኃኒት ያልረጨ ገበሬ አፈላልጎ ይገዛል፣ ሚስቱ ዘይነባ አጥባ ታሰጣለች፣ እሱ ተሸክሞ ያመጣል። የኔ መከራ የሚጀምረው እዚህ ነው። "ደርሶ፣ ቋቱን ጥረግ። ደርሶ፣ ከኔ በፊት ምን ነበር የፈጨኸው? ደርሶ፣ ሻካራ ይሁን፣ እንዳታልመው።" የሌላ ሰው እህል ቅሪት እንዳይነካው የመጀመሪያውን እፍኝ ያስፈጭና ለዶሮ ይደፋዋል። ወረፋ የያዙት ሴቶች ያጉረመርማሉ።

አንድ ቀን በነዚያው ሴቶች ፊት ሆዴን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣

"ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ይሄ ሆድ እኮ ያንተ አይደለም፣ የዱቄት ፋብሪካው መጋዘን ነው። ኪራይ ጠይቃቸው!" አለኝ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን በዚያ ወፍጮ ቤት ሰው የማስቀው እኔ ነበርኩ፤ የሚሳቅብኝ ሆኜ አላውቅም።

ሚስቴ ለቀን ሠራተኞች ዳቦ ጋግራ ስለምትሸጥ ጓዳችን ፉርኖ ዱቄት አይጠፋም። ያን ቀን ሰይድ የመጀመሪያውን እፍኝ አስፈጭቶ፣ የቀረውን ማሽላ ጥሎ ሱቁን ሊከፍት ሲሄድ ፈጨሁለት። ከዚያ ግማሹን አወጣሁና በምትኩ ነጩን ፉርኖ ቀላቀልኩበት። እኔ ነኝ የቀላቀልኩት። በእነዚህ እጆቼ አገላብጬ፣ አመሳስዬ፣ ማዳበሪያውን አሰርኩ። ሌብነት እንዳይመስላችሁ፤ ፉርኖ ከማሽላ ይወደዳል። ከስሮ የሚሰርቅ ሌባ በዓለም ላይ ካለ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሰይድ እየሮጠ መጣ። "ደርሶ! ገንፎው እንዴት ለሰለሰ መሰለህ! ንጹሕ እህል እንዲህ ነው!" ብሎ ለወረፋው ሁሉ መሰከረ። እኔ ከወፍጮው ጀርባ ሄጄ በሳቅ ልሞት ምንም አልቀረኝም። ያንን ሳቅ ግን ብቻዬን ልጨርሰው አልፈለግሁም፤ ሕዝብ ያስፈልገዋል። ሰሊጥ ከተሰበሰበ በኋላ የልጁ የሐያት ሰርግ ነበር። እዚያ ድንኳን መሐል ተነሥቼ፣ የማሽላው አርበኛ ፉርኖ ሲበላ ከረመ ብዬ ላውጅ አሰብኩ። ስለዚህ ቀጠልኩ። ማሽላ ባመጣ ቁጥር ቀላቀልኩ። ክረምቱ አለፈ፣ አጨዳው ገባ፣ እኔ እቀላቅላለሁ።

ዘይነባ አንድ ጊዜ ልትይዘኝ ነበር። "ደርሶ፣ ሊጡ ይለጠጣል፣ ምን ነካው?" አለችኝ።

"የወፍጮ ድንጋዩን አስወቅሬው ነው እኮ፣ እቴ" አልኳት። አመነችኝ። ለምን አታምነኝ?

ሰርጉ ሳይደርስ ሰይድ ከሐያት ጋር ለምርመራ ገንዳ ውኃ ከተማ ሄደ። ሲመለስ ቤቱ አልገባም። በቀጥታ እኔ ዘንድ መጥቶ የተጠቀለለ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጠ።

"ጨመረ" አለኝ።

"ምኑ?"

"ስኳሩ ነዋ! ከድሮው በለጠ። ሐኪሙ ተደብቀህ ትበላለህ አለኝ። ወላሂ አልበላሁም ብለው ሳቀ። ሐያት እንኳ ጎሪጥ አየችኝ፣ ደርሶ። ልጄ!"

ያን ጊዜ አፍ ነበረኝ። ምላስ ነበረኝ። ሐኪሙም፣ ልጅህም ተሳስተዋል፣ ያበላሁህ እኔ ነኝ ማለት ስንት ትንፋሽ ይጠይቃል? እኔ ምን አልኩ?

"በሕልምህ ስኳር ትልስ ይሆናላ!"

ሳቀ። ሰይድ እንባው ዓይኑ ላይ እንደሞላ ሳቀልኝ።

ሰርጉ ደረሰ፤ ድንኳኑ ውስጥ ተነሥቼ ሌላ ቀልድ አወራሁ። ቋቱን ጠርጌ፣ ያለ ተንኮል ልፈጭለት ብጠብቅ ሰይድ ማሽላ ማምጣቱን ተወ። "ብበላም ባልበላም ያው ከሆነ ጠግቤ ልሙት" አለ። ግማሹ ስኳር የሆነ ሻይ ደጄ ላይ ተቀምጦ ይጠጣል። ማካሮኒ የሚገዛውን መምከር ትቶ ራሱ መብላት ጀመረ። መራመዱንም ተወው፤ ኪኒኑንም ሲያሻው ይውጣል፣ ሲያሻው ይረሳል።

ስኳሩ የጨመረው በኔ ዱቄት ብቻ ነው? በሽታ የራሱ መንገድ አለው፣ ሐሳብም ያባብሰዋል። ይህን ለራሴ ሺህ ጊዜ ተከራክሬ ሺህ ጊዜ ረትቻለሁ፤ ዳኛውም ጠበቃውም እኔ ነኛ። ግን ሰውዬው ለፍቶ፣ አምሮቱን ገድሎ፣ በንጋት ተራምዶ፣ ውሸታም ተብሎ ተመለሰ። በገዛ ልፋቱ ላይ የነበረውን እምነት ማን ገደለበት? ቀልድ ነበር እላለሁ። ቀልድ ነበር? በሰው ፊት ሆዴን ስለነካኝ አልነበረም? ፊቱ ሲጠራ፣ እርምጃው ሲፈጥን ቀንቼ አልነበረም? ከዱቄቱ ያወጣሁትን ማሽላ የት ያደረስኩት ይመስላችኋል? እኛ ቤት በላነው። ያን ሰሞን ሆዱ ቀንሶ ቀበቶውን ያጠበቀው እኔ ነኝ።

አሁን ዓይኑ እየጠፋ ነው። ሱቁን ሐያት ይዛዋለች። በቀደም መጣችና፣ "ጋሽ ደርሶ፣ ከሰው ሁሉ እርስዎን ይሰማል። ወደ ማሽላው እንዲመለስ ይምከሩልኝ። ራሱን ከጠበቀ የቀረውን ዓይኑን ማትረፍ ይቻላል ብለውናል" አለችኝ። ሄድኩ። መከርኩ፣ ለመንኩ፣ ቀለድኩ።

"ሞክሬው ነበር እኮ፣ ደርሶ" አለኝ። "ያውም አንተው ፈጭተህልኝ። ለኔ አይሠራም።"

ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አፌ ውስጥ ይዤው ወጣሁ። እንዳይጠላኝ አይደለም የፈራሁት። ሁለተኛ በቀልዴ ሳይስቅልኝ እንዳይቀር ነው የፈራሁት። ዓይኑን በሳቁ ለወጥኩ ማለት ነው።

ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም፤ በእናንተ ገንፎ ላይ ምንም አልጨመርኩም። ይህን ስጽፍ ደግሞ ሌላ ነውሬን አየሁት። ሰይድ በዚያ በደከመ ዓይኑ አሁን ማንበብ አይችልም። መጻፍ የደፈርኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሐያት፣ ይህ ጽሑፍ እጅሽ ከገባ አባትሽን አስቀምጠሽ አንብቢለት። ሐኪሙ ፊት እንዳልዋሸ አንቺም እወቂ። እኔ እስክነግረው አትጠብቂ፤ ከጠበቅሽኝ ቀልድ አደርገዋለሁ።