ሳያልቅ የተቀየረው ፊልም

ዛሬ በቡና ማኅበራችን መጋዘን ስብሰባ ላይ የጀንፈል ቡና ሽታ፣ ቴፒ ሳድግ ፊልም የማይበትን ቪዲዮ ቤት አስታወሰኝ። ቤቱ የቡና መጋዘንም ስለነበር ፊልም የምናየው ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት የተከፈተው ፊልም ላይ፣ በግድያ በተከሰሰ ልጅ ላይ እንዲፈርዱ የተመረጡ ሰዎች ክፍል ተዘግቶባቸው ይከራከራሉ። ሁሉም ጥፋተኛ ነው ሲሉ አንዱ ብቻ እምቢ አለ። ድብድብ የጠበቀው ተመልካች አጉረመረመ።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት "ይቀየር የምትሉ እጅ አውጡ" አለ።

የልጁን መጨረሻ ለማወቅ ጓጉቼ ነበር፤ ግን እጄን አወጣሁ። ያላወጡት ቡና መዛኙ ጋሽ ወልዴ ብቻ ነበሩ። ፊልሙ ተቀየረ።

ስንወጣ "አፍጠሽ ስታዪ አልነበር? ምነው እጅሽን አወጣሽ?" አሉኝ።

"ሁሉም ሲያወጣ አይቼ ነው፣ ጋሼ።"

"እኔ እኮ ሁለት እንሆናለን ብዬ ነበር።"

ልጁ ይፈረድበት ይለቀቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። በዛሬውም ስብሰባ ሰብሳቢው "የምትደግፉ እጅ አውጡ" ሲል፣ መጀመሪያ ያየሁት አጠገቤ የተቀመጡትን ሰዎች እጅ ነው።