ከሞቱት ጋር የተለጠፈው ፎቶዬ

ተቀጥሬ የምሠራላት ማዳም ትንሿ ልጅ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። የታዋቂ ሰው አጭር የሕይወት ታሪክ ጻፉ ተብለዋል፦ የት ተወለደ፣ ምን ተማረ፣ ከአገሩ ወዴት ሄደ፣ በምን ይታወቃል። አንዷ ሐኪም መረጠች፣ ሌላዋ ሯጭ፣ ሌላዋ ገጣሚ። የእኛዋ እኔን መርጣለች። እኔ መች አውቄ! ሽንኩርት ስልጥ ጠየቀችኝ፣ ወሬ መስሎኝ ሁሉንም ነገርኳት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ማጣቴን፣ ከደላላ ጋር በእግሬ መምጣቴን፣ ኬላውን ዞረን ያለ ወረቀት እዚህ አገር መግባታችንን።

ጽሑፏ ከፎቶዬ ጋር ትምህርት ቤት መለጠፉን የሰማሁት ለወላጆች ቀን ሳምቡሳ ስጠብስ ነው። ትንሿ አባዮ ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው።

«አባዮ፣ ያንቺ ከሁሉም ይረዝማል» አለችኝ።

ዘይት እጄ ላይ ተፈናጠረ፤ አልተሰማኝም። ክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ አባት ፖሊስ ነው። እኔ ራፍል አለ ሲባል፣ ወረቀት የሌለውን ከመንገድ እያፈሱ ሲጭኑ፣ ዳቦ ልገዛ እንኳ አልወጣም። አሁን ጉዴ ከነፎቶዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ለምትሠራ ያገሬ ልጅ ደወልኩላት። ሳቀችብኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሳትሞቺ ታሪክ ሆንሽ።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ዛሬውኑ ልብስሽን ሰብስበሽ ውጪ አለችኝ። ወዴት ልውጣ?

የሳምቡሳውን ትሪ ተሸክሜ ከማዳም ኋላ ትምህርት ቤቱ ገባሁ። ሐኪሙ፣ ሯጩ፣ ገጣሚው ተደርድረዋል። ሁሉም ሞተዋል፤ ማንም አይዛቸውም። መሀላቸው እኔ፣ ሻሼን አስሬ ስስቅ። ማዳምን በጆሮዋ ለመንኳት፣ ከግድግዳው አስነሺልኝ አልኳት። መምህሯ ፊት አታሳፍሪኝ አለች።

ፖሊሱ ዩኒፎርም አልለበሰም። የልጁን እጅ ይዞ ከጥግ ጀመረ። እያንዳንዱን ያነባል፤ እንደሱ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው አይቼ አላውቅም። የኔ ጋ ደረሰ። ፎቶውን አየ፣ ዞሮ እኔን አየ። መጣና አንድ ሳምቡሳ አነሳ።

«በረሃውን በእግርሽ ነው ያቋረጥሽው?» አለኝ በሶማልኛ።

«ልጅ ናት፣ ከራሷ ፈጥራ ነው» አልኩት።

ትንሿ ሰማችኝ። እንባ በዓይኗ ሞላ።

«አልዋሸሁም። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። ሰውየው ሳምቡሳውን አኝኮ ዋጠ። ከዚያ እኔን ትቶ ማዳምን ቤታችሁ የት ነው አላት። እሷም እየሳቀች፣ ካርቲየ 2 ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር ብላ አስረዳችው።

ስንመለስ ለምን ነገርሽው ብላት ማዳም ተቆጣችኝ። ጨዋ ሰው ነው፣ ሚስቱን ልኮ ሳምቡሳ ሊያሠራሽ ይሆናል እንጂ ሌላ ምን ይፈልጋል አለች። ይሆናል። እስካሁን ማንም አልመጣም። እኔ ግን ጫማዬን አድርጌ ነው የምተኛው።