ሰዓድ በሕግ የነዳ ዕለት

የኮልፌው ሰዓድ ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዓለም ባንክ እስከ ጦር ኃይሎች ያለውን መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ያውቀዋል። ልጁ ሀይፋ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ያለ ሹፌር ለሚሄድ ታክሲ መንገድ በሚያስተምር ድርጅት ውስጥ በሙከራ ተቀጠረች። ሥራዋ የየአገሩን ከተማ ቪዲዮ እያየች፣ ይሄ እግረኛ ነው፣ ይሄ ብስክሌት ነው እያለች ለማሽኑ መንገር ነው።

«መኪናው ሦስት ከተማ ላይ ጎበዝ ሆኗል፣ አባ» አለችው አንድ ምሽት። «አሁን አዲስ አበባን ይችላል ወይ ብለው ጠየቁን። የአንተን መንገድ ልቅረጽና ነገ ሪፖርት ልላክ። ከወደዱት ቋሚ እሆናለሁ፤ ካልወደዱት በዚሁ አበቃ።»

ጠዋት ካሜራ የሚኒባሱ የፊት መስታወት ላይ ለጥፋለት ወደ ቢሮዋ ሄደች።

ሰዓድ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የውጭ ሰው የሚያየው ነገር ነው፣ ልጄን አላሳፍርም ብሎ በሕግ ነዳ! ዜብራ ላይ የመጨረሻው እግረኛ እስኪያልፍ ቆመ። ጥሩምባ አልነካም። ከፌርማታ ውጪ አላወርድም አለ። ይሁን፣ እስከዚህ ደግ ነው። አየር ጤና አደባባይ ሲደርስ ግን ቅድሚያ ውስጥ ላለው ነው ብሎ ጥግ ይዞ ቆመ። ውስጥ ያለው መቼ ያልቃል? ሲኖትራክ አለፈ፣ ባጃጅ አለፈ፣ የበግ መንጋ ሳይቀር አለፈ።

«ሰዓድ፣ አሞሃል እንዴ? ግባ እንጂ!» አሉ የዘወትር ተሳፋሪው እትዬ ዋጋነሽ።

«ተራዬን እየጠበቅኩ ነው፣ እትዬ።»

«ማን ተራ ሰጥቶህ! አፍንጫዋን ቀስ አድርገህ አስገባና እጅህን አውጣ፤ ያሳልፉሃል።»

አልሰማም። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ተሳፋሪው እየተሳደበ ወርዶ አለቀ፤ እትዬ ዋጋነሽም በእግራቸው ሄዱ።

ማታ ሀይፋ ቪዲዮውን ስትከፍት ሰዓድ በሐፍረት አቀረቀረ። እኩላለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይሄ ነው። «አበላሸሁብሽ» አላት። እሷ ግን ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አባ፣ ይሄ እኮ ራሱ የእነሱ መኪና ነው! ሕጉን ሁሉ አውቆ አደባባይ ላይ የቀረ። በል አሁን፣ እዚህ ጋ በልማድህ ቢሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«የሲኖትራኩን ሹፌር ዓይን አያለሁ። ካየኝ እገባለሁ፤ ካላየኝ መብራት አበራለታለሁ። ባጃጁን አላየውም፤ ካየሁት ይደፍረኛል።»

እሱ ተናገረ፣ እሷ ጻፈች፤ ከቪዲዮው ጋር ላከችው።

በሦስተኛው ቀን አለቃዋ ደወለ። አባቷም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። መኪናችን የጎደለውን አሳየሽን፣ ቋሚ ሆነሻል አላት። ቀጥሎ «ሹፌሩ እንደ መኪናችን እንዲነዳ ያዘዝሽው አንቺ ነሽ?» ሲል ጠየቀ።

«አላዘዝኩትም» አለች ሀይፋ። «አባቴ ነው። እንደዚያ የነዳው እኔን ላለማሳፈር ነው።»

ሰዓድ እዚያው ሶፋው ላይ፣ ልጁ ፊት፣ ሳያፍር አለቀሰ።