ሐጂ ያልፈረሙበት ፎርም

የእናቴ ጠጅ ቤት ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርዱ ወደ ግራ በሚታጠፈው ቅያስ ውስጥ ነው። ታፔላ ኖሮት አያውቅም። የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ የባጃጅ ሹፌር ይጠይቃል። እኔ እዚያው ቤት ጓዳ ተወልጄ፣ በዚያው ቤት ገቢ ተምሬ፣ ዛሬ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። እናቴ ግን እስካሁን ማሩን ራሷ ትበጠብጣለች፣ ጌሾውን ራሷ ትመርጣለች፣ የጠጣበትን ሰውም ራሷ "በቃህ፣ ወደ ቤትህ ግባ" ትላለች። ክርክር የለም፤ ይገባል።

የንግድ ፈቃድ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይታደሳል። ድሮ እናቴ አሮጌውን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትሄድና አዲሱን ቋጥራ ትመለስ ነበር። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፤ እንደ ወትሮዋ ሄዳ አንድ ገጽ ተኩል ዝርዝር ይዛ መጣች። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችኝ። መጠጥ የሚሸጥ ቤት ሊያሟላ የሚገባው ነው። ሽንት ቤት ለወንድና ለሴት ለየብቻ፣ ውኃና ሳሙና የማይለየው የእጅ መታጠቢያ፣ የሚታጠብ የግድግዳ ቀለም፣ መጠጡን ለሚነካ ሰው ሁሉ የጤና ምርመራ ካርድ። ከትምህርት ቤትና ከአምልኮ ቦታ መራቅ። ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንደማይሸጥ የሚገልጽ ማስታወቂያ። በመጨረሻም በዙሪያው ያሉ አዋሳኝ ጎረቤቶች የፈረሙበት የስምምነት ፎርም። ይህን ያላሟላ ቤት ይታሸጋል ይላል።

"ታሽጎብኝ አያውቅም" አለች እናቴ። "ጥምቀት ደርሶ ደጄ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ከማይ ሞት ይሻለኛል።"

እውነቷን ነበር። በጥምቀት ከአምባ ጊዮርጊስም ከኮላ ድባም የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ታቦቱን አጅበው ሲመለሱ እኛ ቤት ጎራ ማለት ልማዳቸው ነው። አንዳንዶቹን የማውቃቸው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው። እነሱ መጥተው የታሸገ በር ቢያዩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሟን የጠበቀች ሴት ምን ትላቸዋለች? ስለዚህ ዝርዝሩን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ጉዳዩን የራሴ አደረግሁት።

እኔ ቁጡ ነኝ። እናቴ "ከሆዴም የወጣሽው ተጣልተሽ ነው" ትለኛለች። ቂምም አልረሳም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ለጥምቀት አዲስ ቀሚስ ሳልለብስ የቀረሁበትን ዓመት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አነሳባት ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ በሚባልበት አገር፣ ያውም ጎንደር ተወልጄ፣ ባለፈው ዓመት ቀሚስ ታቦት ሸኘሁ። "ሸማኔው አላደረሰልኝም" ትላለች በጠየቅኋት ቁጥር። ሸማኔውን ያኔ ባገኘው አልለቀውም ነበር።

የሚገርመው፣ በዝርዝሩ አልተቆጣሁም። ወደድኩት። እጅ ያልታጠበ ሰው ምን ይዞ እንደሚዞር በማይክሮስኮፕ የማይ እኔ ነኝ። መታጠቢያ አስገቢ ብዬ ስንት ዓመት ነዘነዝኳት! ልጇን ያቃታትን፣ ሕግ በአንድ ወረቀት አስገባው። ቀለም ተቀባ፣ ሁለተኛው ሽንት ቤት ተሠራ፣ ቧንቧ ተዘረጋ። በሜትርም ተለካ፤ ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም ሩቅ ሆነው ተገኙ። ያስቸገረችን እናቴ ራሷ ነበረች፤ ለጤና ካርዱ ሰገራ መስጠት አለባት። እኔ የምሠራበት እንድትመጣ ብነግራት ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ሳትነግረኝ ተነሥታ፣ ማንም የማያውቃት ጤና ጣቢያ ድረስ በባጃጅ ሄዳ ካርዱን ይዛ መጣች። ውጤቱን ስጠይቃት "ደህና ነው፣ አንቺን አያገባሽም" አለችኝ።

የቀረው የጎረቤት ፊርማ ነበር። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው።

በምሥራቅ በኩል አጥር የምንጋራቸው ሐጂ ናቸው። ከአያት ከቅድመ አያት ነጋዴ ከሆነ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የማር መደብር ያላቸው ሰው ናቸው። እናቴ ወገራ ስለተወለደች "አያ" ትላቸዋለች። በትንሣኤ ከእኛ ቤት ወደ እሳቸው ቤት ዶሮ ከነነፍሱ ይሄዳል፣ በራሳቸው ሰው ይታረዳል። በኢድ ደግሞ ከእሳቸው ወደ እኛ ዶሮ ከነነፍሱ ይመጣል። አንዳንዴ ያው ዶሮ ነው የተመለሰው እያልኩ እጠረጥራለሁ።

ማሩንም ከእሳቸው ነው የምንገዛው። ለጠጅ ብላ ብትጠይቃቸው አይሸጡላትም ነበር፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ ብላ አታውቅም። መደብራቸው ስትሄድ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው "ለሳል ነው?" ይሏታል። "ለሳል ነው አያ" ትላለች። በእንስራ ይሰፍሩላታል። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ኖረዋል፤ አንዳቸውም ፈገግ ብለው አያውቁም።

ፎርሙ ላይ "በአዋሳኜ መጠጥ እንዲሸጥ ተስማምቻለሁ" የሚል ተጽፏል። ሦስቱ ጎረቤቶች ሳያነቡት ፈረሙ። ወደ ሐጂ ልሄድ ስነሣ እናቴ በር ላይ ቆመች።

"የት ነው?"

"ሐጂ ጋ።"

"ምነው፣ አብደሻል? ይሄን ፊታቸው ዘርግተሽ በሃይማኖታቸው ልታስጨንቂያቸው? እምቢ ቢሉ እሳቸው ያፍራሉ፣ እሺ ቢሉ እኔ አፍራለሁ። ተይ!"

ይሉኝታ ሲይዛት ከእኔ ቁጣ ይበልጣል። ተውኩት። ከሐጂ ቀጥሎ ያለውን ቤት አስፈርሜ በአራተኛው መስመር አስገባሁ። ብልህ ሆኜ ሞቻለሁ።

የንግድ ቢሮው ሠራተኛ ግን ፎርሙን ይዞ ሰፈሩን ዞረ። ሥራው ነው። ሐጂ መደብር ደርሶ "እርስዎ ለምን አልፈረሙም?" ብሎ ጠየቃቸው። በማግስቱ ጧት ሐጂ በትራቸውን ይዘው ደጃችን መጡ። እንደ ልማዳቸው ከደፉ ውጭ ቆሙ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ወደ ውስጥ ገብተው አያውቁም። እናቴን አልጠሯትም። እኔን ነው የጠሩኝ።

"ልጄ፣ ስትወለጅ ለእናትሽ አጥሚት የላከች ባለቤቴ ናት" አሉ። "ለሠርግ ትጠሩኛላችሁ፣ ለለቅሶ ትጠሩኛላችሁ። የመንግሥት ወረቀት ጎረቤትህ ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ እኔን ዘለላችሁኝ?"

"እንዳናስቸግርዎ ብለን ነው፣ ሐጂ።"

"ሳትጠይቁኝ ማን ተቸገረ አላችሁ? እምቢ ማለት የእኔ ፋንታ ነበር። እሱንም ቀማችሁኝ።"

ሆዳቸው ብሶ ነበር። እናቴ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ ነጠላዋን እያጣፋች ወጥታ ጉልበታቸውን ልትይዝ ጎንበስ አለች። ሐጂ ፈጥነው በክንዷ ያዟት።

"ተይ፣ ተይ። መጠጥ ይሸጥ ብዬ አልፈርምም፤ ይሄን ታውቂያለሽ። የማውቀውን ልጽፍ እችላለሁ። ግን ቤትሽን ገብቼ አላየሁትም። ያላየሁትን ደህና ነው ብዬ ብጽፍ የሐሰት ምስክር መሆኔ ነው። ማክሰኞ በጧት፣ ሰው ሳይገባ፣ አሳዩኝ።"

ከንግድ ቢሮ ለሚመጣው ሰው እንዲያ አልተጨነቅንም። እናቴ ቤቱን ሁለት ጊዜ አጠበችው። ብርሌዎቹን ሁሉ ሰብስባ በጨርቅ ሸፈነች። ማክሰኞ ሐጂ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲሉ በስንት ልመና ከለከልናቸው። ሽንት ቤቱን አዩ። መታጠቢያውን ከፍተው ውኃው የት እንደሚወርድ ጎንበስ ብለው ተከተሉት። የግድግዳውን ቀለም በጣታቸው ነኩ። ከዚያ ከበሩ አጠገብ ቆመው የዕድሜውን ማስታወቂያ ፈለጉ። በትልቁ አስጽፌ፣ በላስቲክ አስለብጬ የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

"ይሄን ማን ሰቀለው?"

"እኔ።"

"የተማርሽው አንቺ?" በሩን ወደ ውስጥ ከፈቱት። ማስታወቂያው ከበሩ ኋላ ተደበቀ። "በሩ ሳይከፈት የሚገባ ልጅ አለ?"

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። እዚያው ነቅዬ ከፊት ለፊት ግድግዳ ሰቀልኩት።

በመጨረሻ ጓዳው በር ላይ ደረሱ። ጋኖቹ አፋቸው ታስሮ ተደርድረዋል። እነሱን መሸፈኛ የሚሆን ጨርቅ የለም። ሐጂ አንድ በአንድ በዓይናቸው ቆጠሯቸው። በፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

"ለካ ይህን ያህል ታስሉ ኖሯል" አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ እናቴ፤ ከዚያ እኔ ግድግዳ ይዤ። እናቴን እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፣ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ብርዝ አቀረበችላቸው። ያልፈላ ማርና ውኃ ብቻ ነው፣ ጌሾ ያልነካው፣ በዚያው ጧት በአዲስ ማሰሮ የተበጠበጠ። ብርጭቆውም አዲስ ነበር፤ ጠጅ ቀምሶ የማያውቅ መሆኑን እንዲያዩ ብላ የሱቁን ወረቀት ከነማስቲሹ ቂጡ ላይ ትታዋለች። ሐጂ ብርጭቆውን አንሥተው ወረቀቱን አዩት። ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ጠጡት።

ከሁለት ቀን በኋላ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ሰጥተውኝ "ለቢሮው ስጪ" አሉኝ። የሰው ደብዳቤ አይከፈትምና ሳልከፍተው ወሰድኩት።

ሠራተኛው ገና ሲያየው "ይሄ እኮ ፎርሙ አይደለም" አለ። ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል እሱ ማንበብ ጀምሮ ነበር። ጨርሶ ሲያበቃ አጠገቡ ላለችው ባልደረባው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና አነበበላት። እኔም የዚያን ጊዜ ሰማሁት።

"እኔ በምሥራቅ በኩል አዋሳኝ የሆንኩ ጎረቤት ነኝ። መጠጥ ይሸጥ ብዬ አልፈርምም፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም። የማውቀውን ግን እመሰክራለሁ። በአንድ አጥር ስንኖር ከዚህች ሴት ቤት ወጥቶ ግድግዳዬን የተደገፈ ሰካራም አላየሁም፤ ልጆቼን የሰደበ አልሰማሁም። ቤቷን ገብቼ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ንጹሕ ነው። ባለቤቴ የሞተችው በጥምቀት ሳምንት ነበር። አገር ሁሉ ሲበላና ሲጠጣ ይህች ሴት ደጇን ዘግታ ሐዘን ቤታችን ውኃ ስትቀዳ ሰነበተች። ለእኔ ስትል በገዛ እጇ የዘጋችውን ደጅ ሌላ ሰው ሲዘጋባት ማየት አልሻም።"

የሐጂ ባለቤት ሲሞቱ አስታውሳለሁ። ቤታችን ተዘግቶ መሰንበቱንም አስታውሳለሁ። በልጅ ጭንቅላቴ ግን ሁለቱን አገናኝቼያቸው አላውቅም ነበር። ከዚያ ሳምንት እኔ ይዤ የቀረሁት የቀሚሱን ቂም ብቻ ነው። ጠጅ ቤት የዓመት ገቢው በጥምቀት ነው። በሠራተኛው ጠረጴዛ ፊት ቆሜ አፈርኩ፤ ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ።

ሠራተኛው ወረቀቱን ይዞ ኃላፊው ጋ ገባና ተመለሰ። ከፎርሙ ጋር በስቴፕለር አያያዘው። ጥር ሲገባ ፈቃዱ በእጃችን ነበር።

ፈቃዱን በተቀበልኩ ዕለት ማታ፣ ሠራተኛው የሰጠኝን የደብዳቤውን ቅጂ ለእናቴ አነበብኩላት። ጥምቀት የሚለው ላይ ስደርስ "ይሄን ደግሞ ምን አስጻፋቸው?" ብላ ፊቷን አዞረች።

"እማዬ፣ ሸማኔውስ?"

"ሸማኔውማ አድርሶ ነበር። የምወስድበት ገንዘብ አጥቼ ነው።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ስነዘንዝሽ ምነው አልነገርሽኝ?"

"ለአንቺ ብነግርሽ በማግስቱ አጥሩ ላይ ወጥተሽ ለእሳቸው ትነግሪያቸው አልነበር? ሐዘናቸው ላይ የልጅ ቀሚስ ልጨምርባቸው?"

ትነግሪያቸው ነበር ማለቷ ልክ ነው። እነግራቸው ነበር። እጇን ሳምኩ።

በበነጋው እንስራውን በባጃጅ ጭኜ የጥምቀቱን ማር ለመግዛት ወደ ሐጂ መደብር ሄድኩ፤ ከዚያ በፊት ሁልጊዜ የምትሄደው እናቴ ነበረች። የማመሰግንበትን ቃል በመንገድ ሳዘጋጅ ነበር። ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"ፈቃዱን የት ሰቀላችሁት?"

"በሩ ሲከፈት በማይደበቅበት።"

"ሸጋ" አሉ። ከዚያ እንስራውን እያዩ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። "ለሳል ነው?"

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። "ለሳል ነው፣ ሐጂ" አልኩ፤ እሳቸውም ሞልተው ሰፈሩልኝ።