ገበያ መሃል ያጠፋነው ሞተር

አምቡላንስ ላይ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር የአዳማ ሰው የሹፌሩ ረዳት አድርጎ ነበር የሚያየኝ። አልፈርድበትም። ድሮ አምቡላንስ ማለት በሽተኛ ጭኖ መብረር ብቻ ነበር። አሁን ሕክምናው በሽተኛው ከወደቀበት ቦታ ይጀምራል፤ ይህን ለሰው ማስረዳት ግን ከሕክምናው ይከብዳል።

በአንድ የወለንጪቲ ገበያ ቀን አንድ አዛውንት የሽንኩርት ነጋዴ ራሳቸውን ስተው ተጠራን። ስንደርስ አንዱ የሚጥል በሽታ መስሎት ክብሪት እየጫረ አፍንጫቸው ሥር ያጨሳል። ሦስት ዘመዶቻቸው ደግሞ እኛን ቀድመው አምቡላንሱ ውስጥ ተሳፍረዋል። ክብሪቱን አስጠፋሁ፣ ዘመዶቹን አስወረድኩ፣ ከዚያ ሴት ልጃቸውን ምን እንደበሉ ጠየቅኳት።

አልበሉም። የስኳር በሽተኛ ናቸው፤ ጾም ነው ብለው እህል ሳይቀምሱ፣ ኪኒን ምግብ አይደለም ብለው መድኃኒታቸውን በጠዋት ውጠዋል። ጣታቸውን ወግቼ ስለካ ስኳራቸው እጅግ ወርዷል። እንዲሁ ይዣቸው አዳማ ድረስ ብሄድ መንገድ ላይ ላጣቸው እችላለሁ። ሹፌሩን ሞተሩን ያጥፉት አልኳቸው።

ያን ጊዜ ገበያው ተነሳብኝ። ከኋላ በኦሮምኛ «ዳፊ፣ ዳፊ»፣ ፍጠኚ እያሉ ያጣድፉኛል። ልጅቱ ክንዴን ያዘች።

«አባቴ እየሞተ አንቺ መርፌ ትፈልጊያለሽ? ሐኪም ቤት አድርሺን እንጂ።»

ቱግ ባይ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ንዴቴን ዋጥኩት። ደም ሥራቸውን አገኘሁና ግሉኮሱን ቀስ እያልኩ ሰጠኋቸው። ልጅቱ በእንባ ታየኛለች። እኔም በልቤ እየጸለይኩ ነበር።

ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ። ከበው የቆሙትን አንድ በአንድ አዩና፣ «ሁላችሁም እዚህ ከቆማችሁ ሽንኩርቱን ማን ይሸጣል?» አሉ። ገበያው በሳቅና በእልልታ ተናጋ። ደስታው እኔንም አስለቀሰኝ።

ድኛለሁ፣ አልሄድም ብለው አስቸገሩ። የዋጡት ኪኒን ገና ከሰውነታቸው እንዳልወጣ፣ ስኳራቸው ተመልሶ ሊወርድ እንደሚችል ነግሬ በስንት ልመና አሳፈርኳቸው። አጠገባቸው ልጃቸው ብቻ ተቀመጠች። ሹፌሩ እንደ ልማዳቸው አምቡላንሱን ሊያከንፉት ሲነሱ ልጅቱ ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

«ቀስ ብለው ይንዱ ጋሼ። ሐኪሟ አብራን ናት።»