ሰማንያው ቀን

ከሰቆጣ በወጣሁበት ጠዋት መናኸሪያው ላይ አራት ሰዎች ነበርን። ታናሽ ወንድሜ ቄስ ሞላ መስቀሉን ይዞ ከሚኒባሱ በር ፊት ለፊት ቆሟል። ሚስቱ ከኋላው ናት፤ የዱቄቱን ከረጢት መሬት እንዳይነካ ታቅፋዋለች። ጎረቤቴ እማማ ለተብርሃን ዱላቸውን ተደግፈው ከአጥሩ ጥግ ናቸው። አራተኛዋ እኔ ነኝ፤ አንድ እግሬ መሬት ላይ፣ አንዱ መኪናው ላይ።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ለአራስ ገንፎ የሚሆን፣ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። ልጄ ዝናሽ ጀርመን አገር ሴት ልጅ አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል። የማያውቁት ከሳምንት በፊት በስልክ የነገረችኝን ነው።

«እማ፣ ልጅቷ ታማለች። ሆዴ ውስጥ ሳለች አይተዋታል። ብትወለድም አትቆይም ይላሉ።»

ለማንም አልተናገርኩም። እማማ ለተብርሃን በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና መረቁኝ። ሞላ ደግሞ እጄን ይዞ፣ «እዚህ ብትሆን በሰማንያ ቀኗ እኔው ባጠመቅኋት ነበር» አለና ማተብ ሰጠኝ። ክሩን የፈተለችው ሚስቱ ናት። «ሰማንያዋ ሲሞላ እሰሪላት።» ተቀብዬ ጉያዬ ከተትኩት።

ቪዛውን የጠየቅሁት ከዚህ ክፉ ወሬ በፊት ነው። ኤምባሲው መስኮት ላይ የነበረችው ሴት ወረቀቴን አገላበጠችና፣ «እዚያ ሐኪም ሞልቷል፤ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ።

«ሐኪሙ ገንፎ ያገነፋል?»

«ተመልሰው ለመምጣትዎ ምን ማረጋገጫ አለዎት?»

«ላም አለችኝ።»

«ላም ማረጋገጫ አይሆንም፣ እናቴ።»

«ስለማያውቋት ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ አልሳቀችም፤ ቪዛው ግን መጣ።

ስደርስ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ከረጢቱን ውሻ አሸተተው። ፈታሹ በስልኩ እያስተረጎመ ጠየቀኝ። ዱቄቱ ለማን ነው? ለአራስ። አራሷ የት ናት? ገና አልወለደችም። «ታዲያ ምን አስቸኮለዎት?» አለ ስልኩ። ዱቄቱን ለቀቀልኝ። ከዱቄቱ ጋር የያዝኩትን የዋግን ቅቤ ግን በሁለት ጣቱ አንስቶ ቆሻሻ ውስጥ ከተተው።

ዝናሽና ባሏ ካሳ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አከራያቸው በደረስኩ ማግስት በር አንኳኩቶ እንግዳዋ ስንት ቀን እንደምትቆይ ጠየቀ። ካሳ፣ «እስክትወልድ» ሲለው ሰውዬው ነጭ ፀጉሬን ትክ ብሎ አየ። ከዚያች ቀን በኋላ የሳቅንበትን ሌላ ቀን አላስታውስም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ካሳ እየተረጎመ ሁሉንም አስረዳችን። ሁለተኛ ደረጃ ስማር ክሮሞዞም ጥንድ ጥንድ እንደሆነ ተምሬያለሁ። አሥራ ስምንተኛው ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኗል አለች። የልጅቷ ልብ ክፍተት አለው፤ ተወልዳ ብትተነፍስ እንኳ ሰዓታት፣ ቢበዛ ቀናት። ዝናሽና ካሳ በመሣሪያ እንዳትሰቃይ፣ እናቷ ደረት ላይ እንድትሆን ወስነው ነበር።

«ማን አጥፍቶ ነው በላት» አልኩት ካሳን።

«ማንም አላጠፋም ትላለች።»

«እንደገና ጠይቃት።»

እንደገና ጠየቃት። ማንም አላጠፋም።

አዋላጇን እዚያ ሄባመ ይሏታል። ሰፊ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን ቀጭን። ከመውለጃው ቀን በፊት ወረቀት ታዘጋጃለች፤ ወረቀቱ የልጅቷን ስም ይጠይቃል።

«ስም የላትም፤ ገና አልተጠመቀችም» አልኩ በካሳ በኩል።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጥራት?»

«ልጅቷ በያት።»

እንዲያ ብላ ጻፈች።

በዚያ ሳምንት ዝናሽ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ፣ «እማ፣ ቄሱን እንጥራ፤ በምወልድበት ቀን ይምጡ» አለችኝ። የኛ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ያሉት በባቡር ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ነው።

«ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ?»

«ሰማንያ ቀን እኮ የላትም።»

«እሱን ማን ያውቃል? አይሆንም።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሁለት ቀን ከ«እሺ» በቀር ቃል አልወጣትም። ቄስ መጥራት ሞቷን መጥራት መስሎኝ ነበር። ሰማንያውን ከጠበቅኩላት የምትደርስበት መስሎኝ ነበር። በመስኮቱ የሚታየው ዛፍ ሁሉ ረግፏል። የኛ ቆላ አበርገሌም በበጋ እንዲሁ ይራቆታል፤ እዚያ ግን ፀሐይ አለ። እዚህ ክረምት የሚሉት ዝናቡን ሳይሆን ብርዱን ነው። ቪዛዬ ተራዝሞ ይህን ስጽፍ ሁለተኛ ክረምቴ ነው፤ እስካሁን አልለመድኩትም።

በሦስተኛው ቀን ሞላ ዘንድ ደወልኩ።

«ላምሽ ወለደች» አለኝ ገና ድምፄን ሲሰማ። «እንስት ናት።»

«ሞላ፣ የደበቅሁህ ነገር አለ።»

ነገርኩት። ከኋላው ሰው በኽምጣና ሲጣራ ይሰማኛል።

«መናኸሪያው ላይ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ሰማንያ ቀን እያልኩ ስለፈልፍ።» ቀጥሎ፣ «ቄስ ተጠራ?» አለኝ።

«እኔ ከለከልኩ። ቀኗ ሳይደርስ ብዬ።»

«እታለም፣ ሰማንያው ለምትቆይ ልጅ ነው። ለምትሞት ልጅ ቄሱ ይሮጣል እንጂ ቀን አይቆጥርም። እኔ ስንት ጊዜ በጽጽቃ መንገድ ስሮጥ አይተሽኝ የለም? የቄስ ልጅ ሆነሽ ይህን አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ሲሆን አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ስልኩን ዝጊና ጥሪያቸው።»

ጠራኋቸው። ካሳ ልደውል ቢለኝም የከለከልኩት እኔ ስለሆንኩ ራሴ ደወልኩ። ቄሱ የጎንደር ሰው ናቸው። «እመጣለሁ፣ እናቴ» አሉኝ። «የዚህ አገር ባቡር ሰዓት ያከብራል የሚባለውን ግን አይመኑ።» ከዚያ ወደ ዝናሽ ሄጄ፣ «ይመጣሉ» አልኳት። እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። ልጅቷ ተንቀሳቀሰች።

ምጡ የመጣው ማለዳ ነው። ካሳ ሐኪም ቤቱ ደጅ ከመኪናው ሳንወርድ ለቄሱ ደወለ። ልጅቷ አራት ሰዓት ላይ ተወለደች። አላለቀሰችም፤ ግን ትተነፍስ ነበር። ጣቶቿ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ተጨብጠዋል፤ ላላቅቃቸው ብሞክር ተመልሰው ይጨበጣሉ። ፀጉሯ የእናቷ ነው። ሄባመዋ በየጊዜው እየመጣች ልቧን ታዳምጥና ለካሳ ራሷን ትነቀንቅለታለች፤ አለች ማለቷ ነው። ባቡሩ ዘገየ። ዝናሽ በሩን ታያለች፤ እኔን አንድ ጊዜም አላየችኝም።

ቄሱ ቀትር አልፎ በሩጫ ገቡ፤ ጫማቸው በበረዶ ርሷል። ሄባመዋ ውኃ አሙቃ በነጭ ሳህን አቀረበችና በሩ አጠገብ ቆመች። ካሳ ከዝናሽ ራስጌ ነበር። ክርስትና እናት የምትሆን ሌላ ሴት ስላልነበረች የታቀፍኳት እኔ ነኝ። ሰውነቷ እንዳይደክም ውኃውን በእፍኛቸው ሦስት ጊዜ አፈሰሱባት። ወለተ ማርያም አሏት። ማተቡን ከጉያዬ አውጥቼ አሰርኩላት። ክሩ የተለካው ለሰማንያ ቀን ልጅ ስለነበረ አንገቷን ሁለት ጊዜ ዞረ።

ሄባመዋ ወረቀቷን አምጥታ አየችኝ። «ወለተ ማርያም» አልኳት። በትክክል እስክትጽፈው ሦስት ጊዜ ደጋገምኩላት። «ልጅቷ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችው።

ልጅቷን ለእናቷ መለስኳት። አመሻሹ ላይ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ እናቷ ደረት ላይ መተንፈሷን አቆመች። ሐኪሟ አዳምጣ ራሷን ዝቅ አደረገች። ካሳ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ዝናሽ ያኔ አየችኝ።

«እማ፣ እኔ አሁን አራስ ነኝ?»

«ነሽ።»

«ዱቄቱ አለ?»

«አለ።»

ካፖርቴን ለበስኩና ገንፎውን ላገነፋ ወጣሁ።